ክሮም ወይስ ጎማ፦ የአሮጌ መኪኖች ፓራውልትና የታሪክ ማስረጃ ጥያቄ

(በትምህርት ክፍሉ የሕዝብ ንግግር መድረክ ላይ የቀረበ፤ ለድረ ገጹ ሲዘጋጅ የቃል አቀራረቡ በጥቂቱ ብቻ ተስተካክሏል።)



የዛሬው ንግግር ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከተለጠፈ ወዲህ ሁለት ባልደረቦቼ በመተላለፊያው ላይ አስቁመውኝ «እውነት ስለ ፓራውልት ልትናገር ነው?» ሲሉ ጠይቀውኛል። እውነት ነው። ስለ መሬት ሥሪትና ስለ ግብር ለብዙ ዓመታት ሳስተምር የኖርሁ ሰው ከመኪና ፊት ስለ ተንጠለጠለ ብረት መናገሩ ቢያስገርም አይፈረድም። ነገር ግን የቁስ ታሪክን በቁም ነገር የምንወስድ ከሆነ፣ ሰዎች በየቀኑ እያዩት የማያስተውሉት ዕቃ ለምርመራ የተመቸ ነው። ፓራውልት ደግሞ ከእንዲህ ዓይነቶቹ ዕቃዎች አንዱ ነው።

አስቀድሜ ስለ ቃሉና ስለ ዘመን አቆጣጠሩ ላስታውቅ። «ፓራውልት» የምንለው ከጣሊያንኛው «ፓራኡርቲ» የመጣ ሲሆን ግጭት መከላከያ ማለት ነው፤ ከፍሪሲዮን፣ ከፓራፋንጎና ከባቲላሜራ ጋር ወደ ጋራዦቻችን የገባ ቃል ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታትም «ዓ.ም.» ብዬ ካልለየኋቸው በስተቀር ሁሉም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ አሮጌ መኪና ፊት ቆመው፣ አንደኛው «ይህ ፓራውልት መኪናውን አበላሽቶታል» ሲል ሌላው «ያለ እርሱማ መኪናው ምኑን መኪና ሆነ» የሚለው ለምንድን ነው? የተለመደው መልስ «ጣዕም ነው» የሚል ነው፤ ጣዕም ደግሞ ዳኛ የለውም ተብሎ ነገሩ ይዘጋል። እኔ እዚያ ላይ መቆም አልፈለግሁም። በአሮጌ መኪና ወዳጆች ዘንድ በብዛት «አስቀያሚ» የሚባለው ፓራውልት ንድፍ አውጪው ያልፈለገው፣ ገዢውም ያልመረጠው፣ በሕግ የመጣ ፓራውልት ነው። ባለቤቶች ያንን አውልቀው ከዚያ በፊት በነበረው ሲተኩት «መኪናውን ወደ ታሪኩ መለስነው» ይላሉ። እኔ ዛሬ የምከራከረው፣ ይህን ሲያደርጉ ከመኪናው ታሪክ አንድ ምዕራፍ እየቀደዱ መሆናቸውን ነው። ክርክሩን የማቀርበው ደግሞ ንጹሕ እጅ ይዤ አይደለም፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ፓራውልት ገና ከጅምሩ ጠቃሚ ዕቃና ጌጥ ሆኖ በሁለት ልብ የኖረ ነገር ነው። በመጀመሪያዎቹ የመኪና ዘመናት ብዙ መኪኖች ያለ ፓራውልት ይሸጡ ነበር፤ የፈለገ ገዢ ተጨማሪ ከፍሎ ጠፍጣፋ የብረት ምላስ ያስገጥማል። በ1920ዎቹ መጨረሻ የክሮም ቅብ ኒኬልን እየተካ ሲመጣ ግን ነገሩ ተለወጠ። ኒኬል እየደበዘዘ መወልወል ይፈልጋል፤ ክሮም ግን ሳይደበዝዝ እንደ መስተዋት ያበራል። ከዚያ ወዲያ ፓራውልቱ ከመኪናው ክፍሎች ሁሉ የሚያብረቀርቀው፣ ከሩቅ የሚታየውና ዋጋን የሚናገረው ክፍል ሆነ። የ1950ዎቹን የአሜሪካ ካዲላክ ፎቶግራፍ ያየ ሰው ከፊት ለፊት እንደ መድፍ ጥይት የሾሉትን ሁለት የክሮም ጉብታዎች አይረሳቸውም። በጊዜው በቴሌቪዥን ትታወቅ በነበረች «ዳግማር» በተባለች ተዋናይት ስም ተሰይመው ነበር። የስሙን ምክንያት በዚህ መድረክ ላይ ማብራራት አያስፈልገኝም። እኒያ ጉብታዎች ግጭትን ለመከላከል ተብለው እንዳልተሠሩ ግን ማንም ይረዳዋል። ራልፍ ኔደር በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ የመኪና አምራቾች ለመልክ ሲሉ ደኅንነትን መሠዋታቸውን፣ የሾሉና የወጡ ጌጦችም እግረኞችን እንደሚጎዱ ሲከስሱ ካነሷቸው ነገሮች መካከል ይህ የጌጥ ፍቅር አንዱ ነበር። ስለዚህ ዛሬ «የጥንቱ ንጹሕ ክሮም» ተብሎ የሚናፈቀው ነገር በራሱ ጊዜ ከሳሾች ነበሩት።

ለክርክሬ ከሁሉ የተሻለው ምስክር አዲስ አበቤ ሁሉ የሚያውቀው ቮልስዋገን ነው፤ የጀርባው ክብ፣ ሞተሩ ከኋላ የሆነው ቮልስ። ይህ መኪና ከ1938 እስከ 2003 ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። በየካቲት 1972 የምርት ቁጥሩ ከ15 ሚሊዮን ሲያልፍ የፎርድን ሞዴል ቲ ክብረ ወሰን ሰብሯል። ቅርጹ ሳይለወጥ ኖረ ይባላል፤ ፓራውልቱ ግን ተለውጧል፤ ለዚያውም እንደ አገሩ።

በ1950ዎቹ አጋማሽ ለአውሮፓ የሚሸጠው ቮልስ አንድ ቀጭን፣ ጫፉ የታጠፈ የክሮም ምላስና በላዩ ሁለት ትንንሽ ቀንዶች ነበሩት። ለአሜሪካ የሚላከው ግን በዚያው ምላስ ላይ ረጃጅም ቋሚዎች ተተክለውለት በላያቸው የታጠፈ ቱቦ ተዘርግቶለት ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ የአሜሪካ መኪኖች ፓራውልት ከፍ ያለ በመሆኑ መኪና በሚቆምበት ስፍራ ትልቁ መኪና የትንሹን ፓራውልት ዘሎ ኮፈኑን ይጨፈልቀዋል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ወዳጆቹ ይህን ቱቦ «የፎጣ መስቀያ» ይሉታል፤ መልኩን ላየ ሰው ስሙ በትክክል ይስማማዋል።

የሚገርመው ዛሬ የሚታየው ነው። በአሜሪካ ያሉ ብዙ የቮልስ ወዳጆች የፎጣ መስቀያውን አውልቀው ቀጭኑን የአውሮፓ ምላስ ያስገጥማሉ፤ «መኪናው ተነፈሰ» ይላሉ። በአውሮፓ ያሉ ደግሞ በተቃራኒው ለእነርሱ አገር ያልተሠራውን የአሜሪካ ቱቦ በውድ ዋጋ ፈልገው ይገጥማሉ፤ «መኪናው ሞገስ አገኘ» ይላሉ። ብረቱ ያው ነው፤ የሰው ዓይንም በሁለቱም አህጉር ያው ነው። ዓይን ብቻውን የሚፈርድ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ወገኖች እንዲህ ተላልፈው ባልተገናኙ ነበር። ሁለቱም የሚፈልጉት ጎረቤት የነበረውን፣ በልጅነታቸው በአባታቸው መኪና ላይ ያላዩትን ነው። እንግዲህ እዚህ ላይ ጣዕም የምንለው ነገር ከሩቅ የመጣውን የመሻት ነገር ነው ማለት ይቻላል።

ከነሐሴ 1967 ጀምሮ ቮልስዋገን ፓራውልቱን ለወጠው። አዲሱ ወፍራም፣ ጠርዙ አራት ማዕዘን፣ ከመሬትም ከፍ ብሎ የተገጠመ ነበር። የፊት መብራቶቹም በዚያው ሰሞን ከተጋደመ መስተዋታቸው ወደ ቀጥ ያለ አቋም መጡ። የቀድሞውን የሚወዱ «ፊቱ ጠፋ» አሉ። ዛሬም ቢሆን ከዚያ ዓመት በፊትና በኋላ የተሠሩት ቮልሶች በወዳጆቻቸው ዘንድ የሁለት ወገን ያህል ተለያይተው ይታያሉ።

ይህ ሁሉ ግን ከ1972 መስከረም ወዲያ ከመጣው ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነበር።

በዚያ ወር የአሜሪካ ፌዴራላዊ የተሽከርካሪ ደኅንነት ደረጃ ቁጥር 215 ሥራ ላይ ዋለ። የ1973 ሞዴል የሆነ መኪና ሁሉ በፊቱ በሰዓት 5 ማይል፣ በኋላው በሰዓት 2.5 ማይል ፍጥነት ከግድግዳ ጋር ቢጋጭ መብራቱ፣ የነዳጅ ሥርዓቱና መሰል የደኅንነት ክፍሎቹ እንዳይጎዱ ታዘዘ። 5 ማይል በእኛ መለኪያ ወደ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ፈጠን ብሎ የሚራመድ ሰው ሊጠጋው ይችላል። በቀጣዩ ዓመት ሞዴል የኋላውም ወደ 5 ማይል ከፍ አለ፤ በተጨማሪም ፓራውልቶች ሁሉ በተመሳሳይ ከፍታ፣ ከመሬት ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ፣ የሚሰነዘርባቸውን ምት እንዲቋቋሙ ተደነገገ።

ይህ ሕግ ስሙ የደኅንነት ሕግ ቢሆንም በ8 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በመኪና ውስጥ ያለ ሰው ሕይወት እንደማይጠፋ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከሕጉ በስተጀርባ የኢንሹራንስ ድርጅቶች ነበሩ። በ1960ዎቹ መጨረሻ እነርሱ ባስደረጉት የዝግታ ግጭት ሙከራ አዳዲሶቹ መኪኖች በእግር ጉዞ ፍጥነት ተጋጭተው የሚያስከትሉት የጥገና ወጪ ጉድ አሰኝቶ ነበር፤ ያ ሁሉ የሚያብረቀርቅ ክሮም መብራቱን እንኳ ማዳን አልቻለም። ኮንግረሱም በ1972 ያወጣው ሌላ ሕግ ዓላማውን በግልጽ «የወጪ ቁጠባ» ብሎ ሰየመው። እኔ በዚህ ውስጥ ቅሌት አላይም፤ የተራውን ባለመኪና ኪስ መጠበቅ ለመንግሥት የተገባ ሥራ ነው። ነገር ግን በታሪክ ተማሪነታችን የሰነድን ርእስና የሰነድን ፍሬ ነገር መለየት አለብን።

አሁን ሕጉ በመኪኖች ፊት ላይ ምን እንደጻፈ እንመልከት።

የሸቭሮሌት ኮርቬት ጉዳይ ራሱ እንደ ቀን መቁጠሪያ ነው። የ1972ቱ ሞዴል ፊቱም ኋላውም ክሮም ነው። የ1973ቱ ፊቱ እንደ መኪናው ቀለም በተቀባ ፕላስቲክ ተሸፍኖ ኋላው ክሮም እንደሆነ ቀረ። የ1974ቱ ሁለቱም ፕላስቲክ ሆኑ። ሕጉ በሁለት ደረጃ ስለመጣ መኪናውም በሁለት ደረጃ ተለወጠ፤ በመካከል ያለው የአንድ ዓመት መኪና የፊቱና የኋላው ዘመን የተለያየ ሆኖ ቀረ። አንዳንድ ሰብሳቢዎች ይህን የ1973 ኮርቬት «ያልተወሰነ» ይሉታል፤ ሌሎች ደግሞ በዚያው ምክንያት ይፈልጉታል። እኔ በሙዚየም አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ያለ ማመንታት እርሱን እመርጣለሁ። የሕግ ታሪክን በእንዲህ ያለ ግልጽነት የሚያሳይ የወረቀት ሰነድ ጥቂት ነው።

የጀርመኑ ፖርሼ 911 ከ1974 ሞዴል ጀምሮ በአሉሚኒየም የተሠራ ወጣ ያለ ፓራውልት፣ በጎንና በጎኑም እንደ አኮርዲዮን የታጠፈ የጎማ ማያያዣ ለበሰ። የሚወዱትም የሚጠሉትም ሙያዊ ሥራ መሆኑን አይክዱም፤ ሕግ የጠየቀውን ሰጥቶ መልኩን ያላዋረደ ነው። ያም ሆኖ ከ1974 በኋላ የተሠሩ 911ዶችን ፓራውልት አውልቆ የቀድሞውን ፊት ማልበስ ለረጅም ጊዜ ፋሽን ሆኖ ቆይቷል። የመርሴዲስ ኤስኤል መኪኖች በአሜሪካ እጅግ ወጣ ያለ ወፍራም ፓራውልት ስለተገጠመላቸው ዛሬ ባለቤቶቻቸው ቀጭኑን የአውሮፓ ፓራውልት በብዙ ገንዘብ ያስመጣሉ። ስለ እነዚህ ብዙ መቆየት አልፈልግም፤ ምክንያቱም መርሴዲስ ለአውሮፓ አንድ፣ ለአሜሪካ ሌላ እየሠራ ስለነበር የአውሮፓው ገዢ የባሕር ማዶውን ሕግ በበሩ ላይ አላየውም።

የብሪታንያው ኤምጂቢ ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ በእኔ አስተያየትም የጠቅላላው ክርክር ልብ እዚህ ነው።

ኤምጂቢ በ1962 የወጣ ክፍት፣ ዝቅ ያለ፣ ቀጭን የክሮም ፓራውልት የነበረው የስፖርት መኪና ነው። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል፤ ዋና ገበያውም አሜሪካ ነበር። ፋብሪካው ሁለት ዓይነት መኪና ለመሥራት አቅሙ አልነበረውም። ስለዚህ በ1974 መጨረሻ የክሮም ፓራውልቱን አንሥቶ በብረት ላይ የለበሰ ወፍራም ጥቁር ፖሊዩሬታን አደረገለት፤ የአሜሪካውን ከፍታ ለማሟላትም መኪናውን ሁሉ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከመሬት ከፍ አደረገው። ይህም በዋሽንግተን ለተጻፈው ሕግ ሲባል በሎንዶን ለሚነዳው ሰውም ጭምር ሆነ። ዝቅ ብሎ መንገድ ይዞ የሚሄድ የነበረው መኪና ከፍ በማለቱ በመታጠፊያ ላይ ይንጋደድ ጀመር። ኋላ በአሞርዛተሩ አካባቢ በተደረገ ማሻሻያ ነገሩ ቢስተካከልም ስሙ ጠፍቶ ነበር። የመጨረሻው መኪና በጥቅምት 1980 ከአቢንግደን ፋብሪካ ወጣ፤ ፋብሪካውም ተዘጋ።

እንግዲህ አንድ እንግሊዛዊ «የጎማ ፓራውልቱን አልወደውም» ሲል ምን እያለ ነው? ስለ ጥቁር ቀለምና ስለ ቅርጽ ብቻ እየተናገረ ነው ብዬ አላምንም። ፖሊዩሬታን ከክሮም ይልቅ በተፈጥሮው አስቀያሚ አይደለም፤ በ1972 የወጣው ሬኖ 5 የፕላስቲክ ፓራውልት ለብሶ ነው የመጣው፤ ፈረንሳዮች ግን የዘመናዊነት ምልክት አድርገው ተቀበሉት። የሬኖው ፕላስቲክ የንድፍ አውጪው ሐሳብ ነበር፤ የኤምጂቢው ግን ከሌላ አገር የመጣ ትእዛዝ ነበር። ጥቁሩ ጎማ ለዚያ ትውልድ እንግሊዛዊ የአገሩ የመኪና ኢንዱስትሪ የወደቀበትን ዘመን፣ የነዳጅ እጥረቱን፣ የሥራ ማቆም አድማውን፣ በመጨረሻም የፋብሪካውን መዘጋት ያስታውሰዋል። ጎማውን አውልቆ ክሮም የሚገጥም ሰው ብረት ይቆርጣል፣ ይበይዳል፣ መኪናውን ዝቅ ያደርጋል፤ ሥራው ሲያልቅ 1970ዎቹ አልነበሩም ማለት ነው።

በነገራችን ላይ ሕጉ ራሱ ዕድሜው አጭር ነበር። ከባዱ ፓራውልት የመጣው በጥቅምት 1973 የነዳጅ ማዕቀብ ከተጣለበት ዘመን ጋር ተገጣጥሞ ነው፤ መኪኖች ቀለል ማለት በሚገባቸው ጊዜ በሕግ ከበዱ። በ1982 የሬገን መንግሥት ደረጃውን ከ5 ማይል ወደ 2.5 ማይል ዝቅ አደረገው። ያ የተጠላው ፓራውልት እንግዲህ በአሜሪካ መኪኖች ፊት ላይ ሙሉ ሥልጣን ኖሮት የቆየው አሥር ዓመት ያህል ብቻ ነው። አጭር ዘመን የኖረ ነገር ደግሞ ማስረጃው ቶሎ ይጠፋል።

ማስረጃው እየጠፋ ያለውም በጠላቶቹ እጅ አይደለም፤ መኪናውን ከልባቸው በሚወዱ፣ ቅዳሜና እሑዳቸውን በሚሠዉለት ሰዎች እጅ ነው። እዚህ ላይ ተማሪዎቼ የ1964ቱን የቬኒስ ቻርተር ታስታውሳላችሁ። አንቀጽ 11 በአንድ ሕንፃ ላይ የልዩ ልዩ ዘመናት አሻራ ቢኖር የሁሉም ዘመን ድርሻ መከበር እንዳለበት፣ የአንድ ወጥ ዘመን መልክ መስጠት የጥገና ዓላማ እንዳልሆነ ይደነግጋል። በጎንደር ፋሲል ግቢ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተጨመረውን ሲሚንቶ በተመለከተ በክፍል ውስጥ ምን ያህል እንደተከራከርን ታስታውሱ ይሆናል፤ ሲሚንቶው ድንጋዩን ይጎዳልና መነሣት ነበረበት የሚለውን እኔም እቀበላለሁ። ነገር ግን ከመነሣቱ በፊት ተለክቶ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ ተመዝግቦ መሆን አለበት። የኤምጂቢ ባለቤት ጎማውን ሲያወልቅ የሚመዘግብ ማን ነው?

አንድ ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ። ባለፈው ሳምንት ይህን ንግግር ለአንድ መካኒካል መሐንዲስ ወዳጄ ባነበብሁለት ጊዜ «መኪና ቤተ መንግሥት አይደለም፤ የሰው የግል ንብረት ነው፤ ደስ ያለውን ይግጠምበት» አለኝ። ትክክል ነው። መኪና በሥራ ላይ ሳለ ሁልጊዜ ሲለወጥ የኖረ ዕቃ ነው፤ በሥራ ዘመኑ የተገጠመለት ባዕድ ፓራውልት ራሱ ታሪኩ ነው። የኔ ቅሬታ ደስ ያለውን ስለሚገጥመው ሰው አይደለም። የገጠመውን «ኦሪጅናል» ብሎ የሚጠራውን ነው የምሞግተው።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ፤ ለዚህ ርእስ ያበቃኝም እዚሁ ያለ ነገር ነው።

አዲስ አበባ ዛሬም በቮልሶቿ የታወቀች ከተማ ናት። ቮልስ በታሪካችን ውስጥ የያዘው ስፍራም ከመንገድ ያለፈ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን የኋላ መቀመጫ ላይ ነው። ያ ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር መስከረም 12 ቀን 1974 ሲሆን፣ በቮልፍስቡርግ ዋናው ፋብሪካ የዚህን መኪና ምርት ካቆመ ሁለት ወር ተኩል ገደማ በኋላ መሆኑ ነው። ግጥምጥሞሹን ትርጉም ልሰጠው አልፈልግም።

በከተማችን ስለ ፓራውልት ጣዕም የተናገረ ሰው ለብዙ ዘመን አልሰማሁም፤ ጣዕም ምርጫን ይሻል፤ ምርጫ ደግሞ የመለዋወጫ መኖርን ይሻል። የተገኘው ይገጠም ነበር። የ1960ዎቹ መጀመሪያ አካል ላይ የኋለኛው ዘመን ፓራውልት፣ በአንዱ ጫፍ የአውሮፓ ቀንድ፣ በሌላው ምንም፤ በእጅ የተቀጠቀጠ ላሜራም አይቻለሁ። እነዚያ መኪኖች ለአንድ የአሜሪካ ሰብሳቢ ሥርዓት የለሽ ሊመስሉት ይችላሉ። ለእኔ የ1970ዎቹንና የ1980ዎቹን ዓ.ም. የዕቃ እጥረት የሚተርኩ ናቸው።

ይህን ዛሬ እላለሁ። በ1994 ዓ.ም. ግን አላልሁም።

አባቴ መምህር ነበር። በ1962 ዓ.ም. የገዛው ቮልስ ወፍራሙ፣ ጠርዘ አራት ማዕዘኑ ፓራውልት ነበረው። የፊቱ ፓራውልት በቀኝ በኩል ጠምሞ ነበር። ጠማማው የመጣው በ1970 ዓ.ም. በአንዲት ሌሊት መሆኑን ቤተሰቡ ሁሉ ይስማማል፤ ከዚያ ወዲያ ግን አይስማማም። እናቴ የምትለው፣ ምጥ የያዛት ጎረቤታችንን ከሰዓት እላፊ በፊት ለማድረስ ሲጣደፍ የአንድ ሆስፒታል በር ምሰሶ ገጨ ነው። አጎቴ የሚለው ደግሞ ከሰዓት እላፊ በኋላ በኬላ ላይ አስቁመውት ሳለ አንድ የጭነት መኪና ወደ ኋላ እየሄደ መጣበት፤ አባትህም ሁለት ሌሊት ያደረው ሆስፒታል ሳይሆን እስር ቤት ነው ይላል። አባቴ እስኪሞት ድረስ ስለዚያች ሌሊት አልተናገረም።

መኪናው ወደ እኔ ሲያልፍ ለዶክትሬት ትምህርት በነበርሁበት አገር የክሮም ቀጭን ምላስ ያላቸውን ቮልሶች አይቼ ተማርኬ መጥቼ ነበር። የቀድሞውን ዓይነት ፓራውልት አገኘሁ። ባቲላሜራው፣ ሽማግሌ ሰው ነበሩ፣ «ልጄ፣ ይኼ ለዚህ መኪና አይደለም፤ ፓራፋንጎው ላይ ያለው ቀዳዳ ከፍ ያለ ነው፤ መብራቱም የሌላ ነው» ብለው ነገሩኝ። እኔ የተማርሁ ሰው ነኝና አልሰማኋቸውም። ቀዳዳዎቹን ዘግተው ከታች ሌላ ቀደዱልኝ። ቀጥ ያሉት የኋለኛው ዘመን መብራቶችና ቀጭኑ የፊተኛው ዘመን ምላስ ተጋብተው ፋብሪካው ለዚህ መኪና ያልሠራለት ፊት ወጣ። ለብዙ ዓመታት «ኦሪጅናል» እያልሁ ለእንግዳ አሳይቻለሁ። ጠማማው ፓራውልት ለብረት ገዢ ተሸጠ፤ ስንት እንደተሸጠም አላስታውስም።

የጭነት መኪና የኋላ አካል ከቮልስ ፓራውልት በላይ ነው። ከላይ የመጣ ምት የፓራውልቱን የላይኛ ጠርዝ ወደ ታች ያጥፈዋል፤ ኮፈኑንም ሳይነካ አይቀርም። ምሰሶ ግን ከላይ እስከ ታች እኩል ይሰረጉደዋል። ማንኛውም የጋራዥ ሠራተኛ በአንድ እይታ የሚለየው ነገር ነው፤ እናቴንና አጎቴን ሊያስታርቃቸው፣ ወይም ቢያንስ አንዳቸውን ዝም ሊያሰኝ ይችል ነበር። ያንን ጠማማ በልጅነቴ በሺህ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ላዩ ላይ ተቀምጬ ብርቱካን በልቻለሁ። ወደ ታች ይታጠፍ ወይም ወደ ውስጥ ይሰርጎድ ግን አላስታውስም። የታሪክ ምሁር ሆኜ፣ ሁለት የሚቃረኑ የቃል ምስክሮችና አንድ ቁሳዊ ማስረጃ በእጄ ሳለ፣ ማስረጃውን «አያምርም» ብዬ ጣልሁት።

መኪናው አሁንም አለ። እጅን ወደ ፓራፋንጎው ውስጠኛ ክፍል ሲያስገቡ ሽማግሌው የዘጓቸው የቀድሞ ቀዳዳዎች ብየዳ ይዳሰሳል። ባለፈው ዓመት መርካቶ ውስጥ ለመኪናው የሚገባውን ወፍራሙን ፓራውልት አገኘሁ፤ ትንሽ ዝጓል እንጂ ደህና ነበር። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው ጋሼ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ኦሪጅናል ነበር፤ የሌላ ሰው። አልገዛሁትም።

ጥያቄ ካላችሁ በደስታ እቀበላለሁ።